ቴሌቪዥን ለመቅዳት ዲሹ ወይስ የኢንተርኔት መስመሩ?

ከቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ተነስቶ ወደ ገላንና ወደ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች የሚዘልቅ ሰው በየሰገነቱና በየቆርቆሮ ጣሪያው ላይ የተተከለውን ዲሽ ቆጥሮ አይጨርሰውም። በሌላ በኩል የቤት ኢንተርኔት መስመር ያስገባው ነዋሪም ቀላል አይደለም። ከዚህ የተነሳ ሪሲቨር ለመግዛት ሱቅ የሚገባው ደንበኛ እንደ ድሮው «ስንት ቻናል ያስገባል?» ብሎ ብቻ አይመለስም፤ «ይቀዳል ወይ?» ብሎም ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጋራዥ፣ በመጋዘን ወይም በፋብሪካ ውሎ፣ ማምሻውን ታክሲ ተሰልፎ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው የማታ 2 ሰዓቱ ዜና ላይ አይደርስም፤ ጨዋታውም ያመልጠዋል።

ቀድቶ ማየት ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የቪዲዮ ዴክ ዘመን የሚያስታውሱ ሁሉ ኢ-180 የሚባለው ካሴት ሦስት ሰዓት ሙሉ ይይዝ እንደነበር፣ የሠርግ ካሴት ላይ በስህተት ድራማ ተቀድቶበት ስንት ቤት ጠብ እንደተነሳ አይዘነጉትም። አዲሱ ነገር የሚቀዳበት ምንጭ ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ በዲሽ ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ ሲሆን ሌላው በኢንተርኔት መስመር የሚመጣው ስርጭት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ይኸው ክርክር የሚነሳው በኬብል ቴሌቪዥንና በኢንተርኔት መካከል ነው። በእኛ አገር ግን ከመንገድ እስከ ሳሎን ተዘርግቶ ቴሌቪዥን የሚያድል የኬብል ኩባንያ ስላልተስፋፋ፣ የኬብሉን ቦታ የያዘው ዲሹ ነው።

የዚህ ገጽ አስተያየት ከወዲሁ ይታወቅ፦ ዓላማው መቅዳት ከሆነ ዋናው ምንጭ ዲሹ መሆን አለበት። የኢንተርኔቱ መስመር ረዳት ነው። ይህን የምንለው ኢንተርኔትን ለማጣጣል ሳይሆን ሒሳቡ ወደዚያ ስለሚያመራ ነው።

ዲሹ ሲቀዳ

ነጻ ጣቢያን ከዲሽ ለመቅዳት በሰዓት የሚከፈል ነገር የለም። ዲሹ፣ ኤል ኤን ቢው፣ ሪሲቨሩና ዲስኩ አንዴ ከተገዙ አንድ ሰዓት መቅዳትም አንድ መቶ ሰዓት መቅዳትም የሚጠይቀው የመብራት ወጪን ብቻ ነው። በተጨማሪም ሪሲቨሩ የመጣለትን ስርጭት አይከልሰውም፤ እንዳለ ወደ ዩ ኤስ ቢ ዲስኩ ይገለብጠዋል። ስለሆነም የተቀዳው ምስል በቀጥታ ከታየው አያንስም።

እዚህ ላይ ገዢው ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ብዙው ቅሬታ የሚነሳውም ከዚህ ነው። ሪሲቨር ውስጥ ሞገዱን የሚመርጠው ክፍል ቲውነር ይባላል። አንድ ቲውነር በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። ደንበኛው አንዱን ጣቢያ እየቀዳ ሌላውን ለማየት ሪሞቱን ሲጫን «አይቻልም» የሚል ጽሑፍ ይወጣና ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ዕቃው ግን አልተበላሸም። በሳተላይት ስርጭት በርካታ ጣቢያዎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ይጋራሉ። የሚቀዳውና የሚታየው ጣቢያ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆኑ ባለ አንድ ቲውነር ሪሲቨርም ሁለቱን ያስተናግዳል። በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆኑ ግን አይሆንም። በመሆኑም ባለሙያው ዲሹን ሲያስተካክል ቤተሰቡ የሚያዘወትራቸው ጣቢያዎች የትኞቹ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ እንደሆኑ ከሪሲቨሩ ሜኑ አንብቦ በወረቀት ቢጽፍላቸው፣ ሁለተኛ ሪሲቨር ከመግዛት ሊያድናቸው ይችላል።

ባለ ሁለት ቲውነር ሪሲቨር ይህን ችግር ይፈታዋል። ሻጩ ሳይናገር የሚያልፈው ግን ሁለት ቲውነር በተለመደው አሠራር ከዲሹ ሁለት ገመድ መሳብን፣ ባለ ሁለት መውጫ ኤል ኤን ቢም መግጠምን የሚጠይቅ መሆኑን ነው። አንድ ገመድ ብቻ ባለበት ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት ቲውነር ሪሲቨር መግዛት ሁለት ምድጃ ገዝቶ አንድ ሶኬት እንደማግኘት ነው።

የዲሹ አቅጣጫም ሊታሰብበት ይገባል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ቀድሞ በብዛት ይታዩ የነበሩት በናይልሳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮሳት ሲጀመር ግን ጣቢያዎቹ የተሰባሰቡት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው የኤስ ኢ ኤስ ኩባንያ ኤን ኤስ ኤስ 12 ሳተላይት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት ያለው ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ሲሆን ኢትዮሳት ግን ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ባዘነበለ አቅጣጫ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ሰገነቱ ወደ ምዕራብ ብቻ የሚያይ ቤት የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ኢትዮሳትን የሚያገኘው ዲሹን ጣሪያ ላይ ሲያወጣ ነው። ለዚህ ደግሞ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ፈቃድና ረጅም ገመድ ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም የሚያሻሽጡ ደላሎች ስለ ውኃና ስለ መኪና ማቆሚያ እንጂ ስለ ሰገነቱ አቅጣጫ ሲናገሩ አይሰማም።

የዲሹ ጉድለት ዝናብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ሞገዱ ይዳከማል። ቀጥታ የሚያይ ሰው ምስሉ ተቆራርጦ ይመለስለታል፤ በሚቀዳው ላይ ግን ክፍተቱ ለዘለቄታው ይቀራል። በተቻለ መጠን ሰፋ ያለ ዲሽ መግጠምና በበጋ የሲግናሉን ጥራት መለኪያ ሞልቶ ማስተካከል ክፍተቱን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

መስመሩ ሲቀዳ

በኢንተርኔት የሚመጣውን ስርጭት ለመመዘን ትንሽ ስሌት ይበቃል። የስርጭቱን ፍጥነት በሜጋ ቢት ወስዶ በ0.45 ማባዛት በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ጊጋ ባይት ይሰጣል። 3 ሜጋ ቢት የሆነ ስርጭት በሰዓት 1.35 ጊጋ ባይት ይፈጃል። የእግር ኳስ ጨዋታ ከዕረፍቱና ከባከነው ሰዓት ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ 2.7 ጊጋ ባይት ይሆናል። በየማታው ሦስት ሰዓት የሚቀዳ ቤተሰብ በ30 ቀን 121.5 ጊጋ ባይት ያወጣል ማለት ነው። በጊጋ ባይት ተቆጥሮ በሚሸጥ የሞባይል ጥቅል ይህን የሚሞክር ሰው ከሁለት ወር በላይ ይዘልቃል ብለን አንገምትም። ያልተገደበ የቤት መስመር ያለው ከሆነ ግን ሥጋቱ ከዋጋው ይልቅ ፍጥነቱ ላይ ነው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መስመር ከቴሌ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይዳከማል፤ ፋይበር የገባለት ሕንፃ ይህ ችግር የለበትም። ቤት ሲገዙም ሆነ ሲከራዩ የትኛው እንደገባ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ቁልፉ ነው። ገንዘብ ተከፍሎባቸው በኢንተርኔት የሚታዩ አገልግሎቶች ስርጭታቸውን በቁልፍ ይዘጉታል። በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ስክሪኑን ለመቅዳት የሞከረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ጥቁር ምስል ነው። አንዳንዶቹ «አውርደህ እይ» ብለው ቢፈቅዱም የወረደው ፋይል የጊዜ ገደብ ተቀምጦለት በራሱ ይዘጋል፤ ደንበኝነቱ ሲቋረጥም አብሮ ይሄዳል። ይህ መቅዳት ሳይሆን መዋስ ነው። በነገራችን ላይ የክፍያ ዲኮደርም ከዚህ ነጻ አይደለም። ሐርድ ዲስክ ያለው የዲ ኤስ ቲቪ ኤክስፕሎራ የቀዳውን ሌላ መሣሪያ ላይ አውጥቶ ማየት አይቻልም፤ የሚከፈተው በዚያው ዲኮደር ነው።

የመስመሩ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ላይ ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ዜናቸውን፣ ድራማቸውንና የቃለ መጠይቅ ዝግጅቶቻቸውን ከስርጭት በኋላ በዩቲዩብ ላይ ይለቃሉ። ይህ ከሆነ ጣቢያው ራሱ ቀድቶ አስቀመጠልዎ ማለት ነውና፣ የእርስዎ ዲስክ በዚያ የሚሞላበት ምክንያት አይታየንም። የማይለቀቀው የመብት ክፍያ ያለበት የቀጥታ ጨዋታ፣ በውል የተገዛ የውጭ ፊልምና አንዴ ተላልፎ የሚያልፍ ልዩ ዝግጅት ነው። ለነዚህ ዲሹ፣ ለቀረው ዩቲዩብ ቢከፋፈል ቤተሰቡ ዲስክም ገንዘብም ይቆጥባል። የኢንተርኔት የቀጥታ ስርጭት ከሳተላይቱ በብዙ ሰከንድ እንደሚዘገይም አይረሳ። ጎረቤት ጎሉን ጮኾ ካበሰረ በኋላ ኳሱን መሐል ሜዳ ላይ የሚያይ ሰው ለምን እንደሚበሳጭ ማስረዳት አያስፈልግም።

መብራት፣ ዲስክና ሰዓት

ቃሊቲ የከተማው ትልቅ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለበት ሰፈር ሆኖ መብራቱ እንደሌላው ሰፈር መጥፋቱ ነዋሪውን ማነጋገሩ አልቀረም። ለሚቀዳ ሰው መብራት መጥፋት ሁለት ጉዳት አለው። የተጀመረው ፋይል ሳይዘጋ ይቀርና ላይከፈት ይችላል፤ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ አንዳንዱ ሪሲቨር በራሱ ተነስቶ ወደ ቀጠሮው አይመለስም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ለመቅዳት ቴሌቪዥኑ መብራት የለበትም። ሪሲቨሩ ከነዲስኩ የሚፈልገው ከ10 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው፤ ለቢሮ ኮምፒዩተር የሚሸጠው አነስተኛ ዩ ፒ ኤስ ባትሪው አዲስ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሸከመዋል። ከኢንተርኔት ለሚቀዳ ግን ራውተሩም ኮምፒዩተሩም መብራት ይፈልጋሉ፤ ከቤት ውጭ ያለው የቴሌ መሣሪያም መሥራት አለበት፤ እሱ ደግሞ በእርስዎ ዩ ፒ ኤስ አይታዘዝም።

ዲስኩን በተመለከተ 6 ሜጋ ቢት የሆነ የኤች ዲ ስርጭት በሰዓት 2.7 ጊጋ ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 500 ጊጋ ባይት ዲስክ 185 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከኪስ ፍላሽ ይልቅ ሐርድ ዲስክ ይመረጣል፤ ርካሽ ፍላሽ የመጻፍ ፍጥነቱ ስለሚያንስ ምስሉ ይንተባተባል። ነገር ግን ሐርድ ዲስኩ ሲነሳ የሚፈልገውን ኃይል የአንዳንድ ሪሲቨር ዩ ኤስ ቢ መሰኪያ ስለማይችል መሣሪያው ይጠፋና ይበራል። ይህ ሲሆን የራሱ መብራት ያለው ዲስክ መጠቀም ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ ከ4 ጊጋ ባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ከላይ ባልነው ስሌት ይህ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይሞላል። አንዳንዱ ሪሲቨር ሁለተኛ ፋይል ከፍቶ ሲቀጥል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ያቆምና ጨዋታው በሁለተኛው አጋማሽ ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ዲስኩን በራሱ በሪሲቨሩ ሜኑ ማዘጋጀትና ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የሚቀበል መሆኑን ማረጋገጥ ይበጃል።

ቀጠሮ አስይዘው ለሚቀዱ ደግሞ ከሁሉም የሚበዛው ስህተት የሰዓት ነው። ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የማታ 2 ሰዓቱን ዜና ለመቅዳት 02 ብሎ የሞላ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚተላለፈውን ነገር ቀድቶ ያገኛል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 መደመር፣ ለቀኑ 6 መደመር፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ወዲህ ላለው ደግሞ 6 መቀነስ ነው። ማታ 2 ሰዓት 20 ይሆናል፤ ቀን 8 ሰዓት 14 ይሆናል። የሰዓት ክልሉም ከግሪንዊች 3 ሰዓት ቀድሞ መሞላት አለበት። መጀመሪያውን 5 ደቂቃ ማስቀደም፣ ለኳስ መጨረሻውን ቢያንስ 30 ደቂቃ ማስረዘም ልማድ ቢሆን መልካም ነው።

ለነጋዴው

እስካሁን ያልነው ለቤተሰብ ነው። ዕቃውን አስመጥቶ ወይም ከመርካቶ ተረክቦ ለሚሸጠው ነጋዴ ጉዳዩ የካፒታል ጉዳይ ይሆናል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ተሽጦ ያላለቀ ዕቃ ተክቶ መግዛት ምን ያህል እንደሚከብድ ነጋዴው ያውቀዋል። መጋዘን የሚቀመጥ ዕቃ ነገም የሚሠራ መሆን አለበት።

ከዚህ አኳያ በጣም የሚያሳስበው «ሰርቨር አለው» እየተባለ የሚሸጠው ሪሲቨር ነው። ይህ ዕቃ የተዘጉ የክፍያ ቻናሎችን በኢንተርኔት ከሚላክ ቁልፍ ጋር አጣምሮ የሚከፍት ሲሆን ለመሸጥ ፈጣን ነው። ነገር ግን ቁልፉን የሚልከው ሰው የት እንዳለ ነጋዴውም ደንበኛውም አያውቁም። ባለመብቱ ኩባንያ መቆለፊያውን በቀየረ ቀን ወይም ሰርቨሩ በጠፋ ቀን ዕቃው ተራ የነጻ ጣቢያ ሪሲቨር ሆኖ ይቀራል። ደንበኛው የሚመለሰው ቁልፍ ላኪው ዘንድ አይደለም፤ ቃሊቲ ያለው ሱቅ ነው። ሕገ ወጥነቱ ሳይነሳ፣ በንግድ ሒሳብ ብቻ ብናየው እንኳ ሰው ሊያቋርጠው በሚችል አገልግሎት ዋስትና ሰጥቶ መሸጥ ነው። በአንጻሩ ዩ ኤስ ቢ ላይ በትክክል የሚቀዳ፣ ዲ ቪ ቢ ኤስ 2 እና ኤም ፔግ 4 የሚያነብ ነጻ ሪሲቨር ቀስ ብሎ ቢሸጥም ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ኤም ፔግ 2 ብቻ የሚያነበው የድሮ ዕቃ ግን በርካሽ ቢገኝም የኤች ዲ ጣቢያዎችን ስለማይከፍት አይጠጉት። ከጅምላ አከፋፋዩ ሲረከቡ አንዱን ካርቶን ከፍቶ ሁለት ሰዓት አስቀድቶ ማየት ነውር የለውም፤ በማሸጊያው ላይ «ይቀዳል» ተብሎ ተጽፎ ሶፍትዌሩ ያልተጫነለት ዕቃ ሊያጋጥም ይችላል።

ሌላው ከውጭ የሚላክ ዕቃ ነው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በየቤታቸው በአንቴናና በኬብል ቲውነር የሚቀዱ ጥሩ ጥሩ ሣጥኖች አሏቸው፤ አንዳንዱም ለወንድሙ ወይም ለነጋዴ ወዳጁ ይልካል። ነገር ግን የአሜሪካው የአንቴና ቲውነር ኤ ቲ ኤስ ሲ፣ የኬብሉም ካም የሚባሉ ሞገዶችን የሚያነብ ነው። እዚህ ዲሹ የሚያመጣው ዲ ቪ ቢ ኤስ 2 ሲሆን፣ በምድር አንቴና ለሚመጣው ዲጂታል ስርጭት አገሪቱ የመረጠችው ዲ ቪ ቢ ቲ 2 ነው። ሣጥኑ ቢበራም ጣቢያ አያገኝም። 110 ቮልት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ 220 ላይ ሲሰካ አይበራም፤ ይጨሳል።

በመጨረሻ ፔንሲዮንና ካፌ ያላቸውን ባለሀብቶች የሚመለከት ነጥብ አለ። በቃሊቲ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያድሩባቸው ፔንሲዮኖች በአንድ ዲሽ ለሁሉም ክፍል ገመድ ስበው ሲያድሉ፣ አብሮም «የትላንቱን ጨዋታ ቀድተን እናሳይ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 9 የፈቀደው የተፈጥሮ ሰው ለግል አገልግሎቱ ብቻ በአንድ ቅጂ የሚያባዛውን ነው። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሳሎንዎ ውስጥ ለቤተሰብዎ የቀዱትና ለእንግዳ ክፍል የሚያድሉት በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም፤ ለቤት የተገዛ ደንበኝነትም ለንግድ ቤት ማሳያ አይሆንም። ስለዚህ ለሕንፃው ገመድ ከመሳብዎ በፊት ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚፈርሙት ውል ለንግድ ቤት መሆኑ፣ የክፍሎቹ ቁጥርም በውሉ ላይ መጠቀሱ ይታይ። የዲሽ ሠራተኛውን ዋጋ መከራከር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።